ወደ አላስካ በሚደረግ የመርከብ ጉዞ ለስዊት ክፍል ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል?

የሲያትል እኅት፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወገኖች። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሲያትል አካባቢ ሲሆን፣ በመጪው ኦገስት እናቴን ይዘን ሰባት ሌሊት በሚፈጅ የአላስካ የመርከብ ጉዞ ለመሄድ አስበናል። መርከቡ የሚነሣውም የሚመለሰውም ከዚሁ ከሲያትል ስለሆነ የአውሮፕላን ወጪ የለብንም። በዚህም ምክንያት ባለቤቴ ለአውሮፕላን ልናወጣው እንችል የነበረውን ገንዘብ በክፍሉ ላይ ጨምረን እናቴን እንድናስደስታቸው ሐሳብ አቅርቧል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን የተሰጠን የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ምን እንደሚያስገኝልን በትክክል ሳላውቅ መወሰን አልፈለግሁም።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣትና ረጅም መንገድ መሄድ ይከብዳቸዋል፤ ሆኖም ያለ ምርኩዝ ይንቀሳቀሳሉ። በባሕር ላይ ተጉዘው አያውቁም። ግሪን ካርድ አላቸው፤ ዜግነታቸው ኢትዮጵያዊ ነው።

ለሦስታችን የተሰጠን ጠቅላላ ዋጋ፣ የወደብ ክፍያና ግብር ተጨምሮበት ቲፕ ሳይጨመርበት፣ የሚከተለው ነው። ሦስታችንም በረንዳ ባለው አንድ ክፍል ብንተኛ 4,500 ዶላር እንከፍላለን። እኔና ባለቤቴ በረንዳ ያለውን ክፍል ይዘን፣ እናቴ ከኮሪደሩ ማዶ መስኮት በሌለው የውስጥ ክፍል ለብቻቸው ቢተኙ 5,700 ዶላር ይሆናል። ሦስታችንም በአንድ አነስተኛ ስዊት፣ ማለትም ከተራው ሰፋ ባለ ክፍል፣ ብንሆን 6,400 ዶላር ነው። የራሱ ምግብ ቤትና የራሱ ሳሎን ኖሮት ለሌሎች ተሳፋሪዎች በተዘጋው የመርከቡ ክልል ውስጥ ስዊት ብንይዝ ደግሞ 12,300 ዶላር ይደርሳል።

ከዚህ በፊት በዚህ መስመር የተጓዛችሁ ወይም የሥራው ልምድ ያላችሁ ወገኖች፣ ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ሁኔታ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ፣ በተለይም የመጨረሻው ዋጋ ከሁለተኛው ከእጥፍ በላይ የሆነበት ምክንያት ለእናቴ የሚጠቅም ነገር ይኖረው እንደሆነ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


የጉዞ ወኪል ከቨርጂኒያ፦

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ከነዋጋው በዝርዝር ማቅረብዎ መልሱን አቅልሎልናል። የመርከብ ጉዞ መሸጥ ሥራዬ ስለሆነ፣ ውድ ክፍል በሸጥሁ ቁጥር የማገኘው ኮሚሽን ከፍ እንደሚል አስቀድሜ ልንገርዎት። ያም ሆኖ ለእናንተ 12,300 ዶላሩን አልመክርም፤ ምክንያቴንም በዝርዝር አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው አሠራር። የመርከብ ኩባንያዎች ዋጋ የሚተምኑት በአንድ ክፍል ሁለት ሰዎች ይተኛሉ በሚል ስሌት ነው። ለብቻው ክፍል የሚይዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የቀረውን ሰው ድርሻ ጭምር እንዲከፍል ይደረጋል፤ ስለዚህ እናትዎ በውስጥ ክፍል ለብቻቸው ቢሆኑ፣ በመርከቡ ላይ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ርካሹ ውስጥ ተኝተው የሁለት ሰው ዋጋ ይከፈልባቸዋል። በአንጻሩ በአንድ ክፍል ሦስተኛ ሆኖ የሚገባ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ያነሰ ዋጋ ይጠየቃል። በ5,700 እና በ6,400 መካከል ያለው ልዩነት 700 ዶላር ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በሌሊት 100 ዶላር፣ ለእያንዳንዳችሁ ሲካፈል 33 ዶላር ገደማ ይመጣል። ከ5,700 ወደ 12,300 መሄድ ግን በእያንዳንዱ ሌሊት 943 ዶላር ገደማ መጨመር ስለሆነ፣ ሁለቱን ውሳኔዎች ለየብቻ መመዘን ያስፈልጋል።

ለሌሎች ተሳፋሪዎች የተዘጋው ክልል፣ ከመርከብ ኩባንያዎቹ መካከል ኖርዌጂያን ዘ ሄቨን የሚለው፣ ሰለብሪቲ ዘ ሪትሪት የሚለው፣ ኤምኤስሲ ያክት ክለብ የሚለው ዓይነት፣ የሚሰጠው ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ሳሎን፣ ፀሐይ መሞቂያ ሰገነት፣ አንዳንድ ጊዜም የራሱ መዋኛ ይኖረዋል፤ ጉዳይዎን የሚከታተል አስተናጋጅ ይመደብልዎታል፤ ወደ መርከቡ ሲገቡና ሲወጡ ቅድሚያ ያገኛሉ። ይህ ሁሉ በካሪቢያን ባሕር ላይ፣ አምስት ሺህ ሰው በጫነ መርከብ፣ መዋኛው ዙሪያ አንድ ባዶ ወንበር ለማግኘት በማለዳ መነሣት በሚያስፈልግበት ጊዜ ዋጋ አለው። በአላስካ ግን በኦገስት የቀኑ ሙቀት ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መዋኛው ዙሪያ ለመተኛት የሚሻማ ሰው ብዙም የለም። በጀልባ ወደ ወደብ በሚኬድባቸው ቦታዎች ቅድሚያ ማግኘትም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአላስካ ወደቦች በኬቺካን፣ በጁኖና በስካግዌይ ላይ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ከወደቡ መድረክ ጋር ስለሚቆሙ ይህ ጥቅም ለእናንተ እምብዛም አይደርስም።

በአንዳንዶቹ ስዊቶች መጠጥና ኢንተርኔት በዋጋው ውስጥ ተካተው ይቀርባሉ። ሦስታችሁም ብዙ የማትጠጡ ከሆነ ይህ ለእናንተ ገንዘብ አይደለም። ሁለት ሰዎች በቀን የ80 ዶላር የመጠጥ ጥቅል ቢገዙ እንኳ በሰባት ቀን 1,120 ዶላር ነው፤ ኢንተርኔቱን ቢጨምሩበትም 2,000 ዶላር አይሞላም። በ5,700 እና በ12,300 መካከል ካለው የ6,600 ዶላር ልዩነት ውስጥ ቀሪው ከ4,600 ዶላር በላይ የሚከፈለው ለክፍሉ ስፋት፣ ለጸጥታና ለአገልግሎት ነው። ቲፕም ቢሆን በተራ ክፍሎች በቀን ለአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ሲሆን በስዊቶች ላይ ከዚያ ከፍ ይላል።

አሁን ከክፍሉ ደረጃ በላይ አስፈላጊ ወደምለው ነገር ልምጣ፤ እርሱም መርከቡ የትኛው የበረዶ ግግር ዘንድ እንደሚሄድ ነው። ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከሁለት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች በላይ አያስገባም፤ ፈቃዱ ካላቸው መካከል ሆላንድ አሜሪካ፣ ፕሪንሰስና ኖርዌጂያን ይገኛሉ። ሌሎቹ መርከቦች ሃባርድ ወደሚባለው የበረዶ ግግር ወይም ኤንዲኮት አርም ወደሚባለው ወሽመጥ ይሄዳሉ፤ እነዚህም ያማሩ ናቸው፤ ሆኖም ወደ ኤንዲኮት አርም በሚኬድበት ጊዜ ተንሳፋፊው በረዶ ከበዛ ካፒቴኑ ከሩቅ የሚመለስበት አጋጣሚ አለ። በግሌሸር ቤይ የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው ማብራሪያ ይሰጣሉ፣ ቀኑም በሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ እዚያው ያልፋል። ግሌሸር ቤይ የሚገባ መርከብ ላይ ተራ በረንዳ መያዝ፣ በማይገባ መርከብ ላይ ስዊት ከመያዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ክፍሉ በመርከቡ ላይ የሚገኝበት ቦታ ነው። ከቫንኩቨር የሚነሡ መርከቦች በደሴቶች መካከል በተከለለው የውስጥ መተላለፊያ ሲሄዱ፣ ከሲያትል የሚነሡት ግን ብዙውን ጊዜ ከቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ፣ በክፍቱ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያልፋሉ። እዚያ ላይ መርከቡ ይንቀሳቀሳል፤ እንቅስቃሴው የሚበረታው ደግሞ ከፍ ባሉት ፎቆችና በመርከቡ ፊትና ኋላ ጫፎች ነው፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ስዊቶች የሚገኙትም እዚያው ነው። እናትዎ ባሕር የማያውቁ ከሆነ፣ መካከለኛ ፎቅ ላይ በመርከቡ ወገብ አካባቢ የሚገኝ ክፍል ከፍ ካለው ውድ ክፍል ይልቅ እንቅልፍ ይሰጣቸዋል። የፎቆቹን ካርታ ከኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ከፍተው ከክፍላችሁ በላይና በታች ምን እንዳለ ይመልከቱ። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍሎች ካሉ ጥሩ ነው፤ ከላይ የቡፌው ወለል፣ ከታች ደግሞ ቴአትር ወይም የጭፈራ ቤት ካለ ሌላ ክፍል ይጠይቁ። በረንዳው ፊት የሕይወት አድን ጀልባ ተሰቅሎ እይታውን እንደማይጋርደውም ያረጋግጡ።


ተራራ ወዳድ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ግን ከዚያም አልፌ፣ ለበረንዳም ቢሆን ይህን ያህል መክፈል ያስፈልጋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አላስካ የሚኬደው አላስካን ለማየት ነው፤ አላስካን ደግሞ ከወደቡ አልፎ የሄደ ሰው እንጂ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያገኛትም።

በሰባቱ ቀናት ውስጥ መርከቡ በቀን ብርሃን ባሕር ላይ የሚውለው ሦስት ቀን ያህል ነው፤ ሌላው ጊዜ ወደብ ላይ ቆሞ ያልፋል፣ ከወደብ ወደ ወደብ የሚጓዘውም በአብዛኛው በሌሊት ነው። ከሦስቱ ቀናት አንዱ የበረዶው ቀን ሲሆን፣ በዚያ ቀን መርከቡ ከግግሩ ፊት ቆሞ ቀስ እያለ ስለሚዞር በሁለቱም ጎን ያለ ሰው ሁሉ ያያል። በረንዳ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ግን ወደ እርሱ ጎን የዞረውን ብቻ ነው፤ ከላይ ባለው ክፍት ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ግራ ቀኙንና ፊት ለፊቱን ባንድነት ይመለከታል። ዓሣ ነባሪ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል በግራ በኩል በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው የሌሎችን ጩኸት ብቻ ነው። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆርጅ ቫንኩቨር የላካቸው መርከበኞች በ1794 በዚያ ባሕር ሲያልፉ የግሌሸር ቤይ ወሽመጥ ከአፉ ጥቂት ገባ ካለ ቦታ ጀምሮ በበረዶ ተሞልቶ ነበር፤ ዛሬ በረዶው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቶ መርከብ የሚገባበት ሆኗል። እንዲህ ያለውን ስፍራ በሁለት ግድግዳ መካከል ሆኖ ማየት አያጠግብም።

ስለዚህ ገንዘቡን ወደ የብስ እንዲያወጡት እመክራለሁ። ከጁኖ ተነሥቶ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ነባሪዎችን ለማየት የሚደረገው ጉዞ ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዶላር በላይ ያስከፍላል። በሄሊኮፕተር በረዶው ላይ ማረፍ ከ300 ዶላር በላይ ነው፤ ይህ ለእናትዎ ጉልበት ላይመች ይችላል። ለእርሳቸው የሚስማማው ከስካግዌይ የሚነሣው የዋይት ፓስ ባቡር ነው። ይህ ሐዲድ ከ1898 እስከ 1900 ባለው ጊዜ፣ ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ክሎንዳይክ በሚጎርፉበት ወቅት የተሠራ ነው፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ድረስ በገደሉ ጠርዝ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፏፏቴውንና ሸለቆውን ያያል። ሦስታችሁም ባቡሩንና የዓሣ ነባሪውን ጉዞ ብትሄዱ ወጪያችሁ በግምት 1,000 ዶላር ቢሆን ነው። በ4,500ው ክፍል ላይ ቢጨምሩት እንኳ በ5,700 ዶላር ዋጋ ውስጥ ሆናችሁ አላስካን በሙሉ ዓይናችሁ ታያላችሁ።


ነርስና ተጓዥ፦

የተከበሩ ተራራ ወዳድ ያሉት ለእኔና ለእርስዎ ዕድሜ ትክክል ነው፤ ጥያቄው የሚመለከተው ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ነው። እርሳቸው በብርድ ላይ ለሁለት ሰዓት ክፍት ፎቅ ላይ ሊቆሙ አይችሉም። ወንበር ቢያገኙ እንኳ ሕዝቡ ከፊታቸው ቆሞ ይጋርዳቸዋል። በረንዳ ለእርሳቸው ቅንጦት ሳይሆን በረዶውን የሚያዩበት ስፍራ ነው፤ ብርድ ልብስ ደርበው ይቀመጣሉ፣ ሲበርዳቸው ገብተው በመስታወቱ ያያሉ፣ መጸዳጃ ቤቱም እዚያው ጥቂት እርምጃ ላይ ነው። ኬቺካን በዓመት ከ3,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ መሆኗንም አይርሱ፤ የአላስካ ጉዞ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ቀን እንደሚያጋጥም አስቦ መሄድ ይገባል፤ በዚያ ቀን ደግሞ አረጋውያን ክፍላቸው ውስጥ ብዙ ሰዓት ያሳልፋሉ።

በዚህ ምክንያት እናትን መስኮት በሌለው ክፍል ለብቻቸው ማስተኛቱን አልደግፍም። በዚያ ክፍል ውስጥ መብራቱ ከጠፋ ቀኑ ይሁን ሌሊቱ አይታወቅም። ማለዳ ተነሥቶ ለመጸለይ የለመደ አረጋዊ ሰው ጨለማ ውስጥ ነቅቶ ሰዓቱን መገመት ይጀምራል፤ አዲስ ክፍል ውስጥ በጨለማ መጸዳጃ ቤት መፈለግ ደግሞ ለመውደቅ አደጋ ያጋልጣል። በሥራዬ የማያቸው ብዙዎቹ የአረጋውያን ስብራቶች በሌሊት፣ በማያውቁት ቤት፣ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ የደረሱ ናቸው። ለወጣት ተጓዥ የውስጥ ክፍል እጅግ ጥሩ የቁጠባ መንገድ ነው፤ ለእርሳቸው ግን አይሆንም።

አሁን ሦስታችሁም በአንድ በረንዳ ክፍል የምትሆኑበትን የ4,500 ዶላር አማራጭ ልመልከት። የዚህ ዓይነት ክፍል ከነበረንዳው ሃያ ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስተኛው አልጋ ወይ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋ ነው ወይም ከጣሪያው ወርዶ በመሰላል የሚወጣበት ነው። ሶፋው ከሆነ በሌሊት መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ መሰላል ያለው ከሆነ ከባለቤትዎ በቀር ማንም አይወጣበትም። መታጠቢያ ክፍሉም ጠባብ ስለሆነ ሦስት ሰዎች ጠዋት ላይ ሲጠባበቁ ይውላሉ። ባልና ሚስትም ለሰባት ሌሊት ከእናት ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል መሆናችሁን በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ለእናትዎም ቢሆን የሚያሳቅቅ ይሆናል።

ወደ አነስተኛው ስዊት ስንመጣ፣ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር እንዲጠይቁ በጥብቅ እመክራለሁ። በብዙ መርከቦች ላይ አነስተኛው ስዊት ከተራው ክፍል የሚለይበት አንዱ ነገር የመታጠቢያ ገንዳ ያለው መሆኑ ነው፤ ሻወሩም በገንዳው ውስጥ ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ ምቾት ነው። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ግን በሚንቀሳቀስ መርከብ ላይ የገንዳውን ከፍ ያለ ጠርዝ ተሻግሮ እርጥብ ወለል ላይ መቆም ትልቅ ችግር ነው። ተጨማሪ ከፍለው ለእናትዎ የባሰ መታጠቢያ ቤት እንዳይገዙ፣ ክፍሉ በወለሉ ደረጃ የሚገባበት ሻወር ያለው መሆኑን በክፍሉ ቁጥር ያረጋግጡ።

ከዚህ ይልቅ እኔ የማስቀድመው አማራጭ በዝርዝርዎ ውስጥ የለም። ጎን ለጎን የሆኑና በመካከላቸው በር ያላቸው ሁለት በረንዳ ያላቸው ክፍሎች ስንት እንደሚያወጡ ይጠይቁ። ሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች ለየብቻ ይሆናሉ፤ እናትዎ በራቸውን ዘግተው ያርፋሉ፤ የበረንዳዎቹንም መለያ በብዙ መርከቦች ላይ የክፍሉ አስተናጋጅ ሲጠየቅ ስለሚከፍተው አንድ ሰፊ በረንዳ ይሆንላችኋል። እናትዎ ለብቻቸው ስለሚይዙ የሁለት ሰው ዋጋ መክፈሉ አይቀርም፤ ድምሩ ከአነስተኛው ስዊት ከፍ ሊል ይችላል፤ ከ12,300 ግን በብዙ ያነሰ እንደሚሆን እገምታለሁ። የእናትዎ ጉልበት በሚቀጥሉት ወራት ከባሰና በመራመጃ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር መጠቀም ከጀመሩ፣ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጁ ክፍሎች በሩ ሰፊ፣ ሻወሩ ጠርዝ የሌለው፣ መደገፊያ ብረት ያለው ሆኖ በዚያው ደረጃ ካለው ተራ ክፍል ጋር በተመሳሳይ ዋጋ ይሰጣሉ። የሚያስፈልገው ሰው ብቻ እንዲይዛቸው ቅጽ ይሞላል፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ስለሆነ ቀድመው ያልቃሉ። ወደ መርከቡ በሚገባበት ቀን በተርሚናሉ የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ ለማግኘት ስዊት መያዝ አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ለተጠየቀ ሁሉ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦገስት ብለዋል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ይገባል፣ የሚፈታውም ኦገስት 22 ነው። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ የግል ምግብ ቤቱ ዋና ዋና ምግቦች፣ ሥጋውና በቅቤ የተሠራው ሁሉ፣ ለእርሳቸው አይሆኑም። የጾም ምግብ በዋናው የመመገቢያ አዳራሽም ሆነ በቡፌው ይገኛል፤ የዚያን ያህል ገንዘብ ለምግብ ቤት መክፈል በጾም ወቅት ትርጉም የለውም።


የሲያትል እኅት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጾሙን ጉዳይ ሳስብ የነበረው በምግብ በኩል ብቻ ነበር፤ ከክፍሉ ዋጋ ጋር መያያዙን አላስተዋልሁትም። እናቴ ፍልሰታን ያለ ማቋረጥ ይጾማሉ፤ ከተቻለም ቅዳሴው ሳያመልጣቸው እዚሁ ሆነው እንዲጾሙ ይመርጣሉ። ባለቤቴም ውይይቱን አንብቦ ባለ 12,300 ዶላሩን ትተነዋል። ለአነስተኛው ስዊት ደውዬ ስጠይቅ በእርግጥም ሻወሩ በገንዳው ውስጥ እንደሆነ ተነገረኝ። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት በረንዳ ያላቸው ክፍሎች ደግሞ በዚያው ሳምንት 7,300 ዶላር ናቸው፤ ከአሰብነው በጀት ከፍ ያለ ነው።

ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። አንደኛ፣ ርካሽ ክፍል ይዘን በኋላ በጨረታ ወደተሻለ ክፍል ከፍ የምንልበት መንገድ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ይህ ለእኛ ይሠራል? ሁለተኛ፣ ሳምንቱን ብንቀይር የ7,300ው ዋጋ የመቀነስ ዕድል አለው?


የጉዞ ወኪል ከቨርጂኒያ፦

በጨረታው ልጀምር። ብዙ ኩባንያዎች ከመነሻው ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት ለተሳፋሪው ደብዳቤ ልከው፣ ከፍ ላለ ክፍል ምን ያህል መጨመር እንደሚፈልግ ይጠይቃሉ። ለባልና ሚስት ጥሩ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ግን አልመክረውም፤ ጨረታውን ያሸነፈ ሰው የሚያገኘውን ክፍል ቁጥርና ቦታ አይመርጥም፤ ጎን ለጎን የነበሩትም ሁለት ክፍሎች ሊለያዩ ይችላሉ። እናትዎ በአንድ ፎቅ፣ እናንተ በሌላ ፎቅ ብትሆኑ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ኩባንያው ራሱ የክፍሉን ቁጥር በኋላ የሚመድብበትን ርካሽ ዋጋም ይተዉት።

ሳምንቱን መቀየር ግን ከሁሉም የሚሻል መንገድ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን፣ ማለትም ጁላይ 12 ስለሚፈታ፣ ከዚያ እስከ ኦገስት 6 ያለው ጊዜ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ለእናትዎ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ስለሆነ ዋጋው ከፍተኛ የሚሆነው በዚሁ ጊዜ ነው። ሥራችሁ ከፈቀደ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለውን፣ በተለይም በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ከሚውለው የአሜሪካ በዓል ከሌበር ዴይ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ይመልከቱ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስለሚመለሱ ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ በጁላይ መስኮት ብቻ ላለው ክፍል በሚከፈለው ገንዘብ በረንዳ ያለው ክፍል ይገኛል። በምትኩ ቀኑ ያጥራል፣ ዝናቡም ይበዛል፤ በክፍቱ ውቅያኖስ ላይ ያለው ሞገድም ከፍ ሊል ስለሚችል፣ መካከለኛ ፎቅ ላይ በመርከቡ ወገብ ያለውን ክፍል መምረጡ በሴፕቴምበር የበለጠ ያስፈልጋል። እናንተ ከአየሩ ይልቅ የእናትዎን ጾምና የክፍላቸውን ምቾት ስላስቀደማችሁ፣ እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ወደ ግሌሸር ቤይ የሚገባ መርከብ ላይ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሁለቱን ክፍሎች እይዛለሁ።

ዋጋው ሲስማማችሁ ቀብዱን ከፍላችሁ ክፍሎቹን በቁጥራቸው ያዙ፤ በመካከላቸው በር ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ናቸውና አትዘግዩ። ቀሪው ክፍያ የሚጠናቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ በየጊዜው ዋጋውን ተመልከቱ፤ በዚያው የክፍል ደረጃ ከቀነሰ፣ ወኪላችሁ ወይም ኩባንያው በአዲሱ ዋጋ እንዲያስተካክልላችሁ ጠይቁ፤ ክፍያው ከተጠናቀቀ በኋላ ግን ይህን ማድረግ ይከብዳል። ቀብዱ ተመላሽ የሚሆንና የማይሆን እየተባለ በሁለት ዓይነት ስለሚሸጥ፣ ከእናትዎ ጤና አንጻር ተመላሽ የሚሆነውን ብትይዙ ጥቂት ጭማሪው አያስቆጭም።

የእናትዎን ወረቀት በተመለከተ፣ ከሲያትል የሚነሡት መርከቦች የውጭ አገር ባንዲራ ስለሚያውለበልቡ በ1886 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት በመንገዳቸው አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለባቸው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የካናዳዋ ቪክቶሪያ ናት። ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ለዚህ የካናዳ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት አብሮ መያዝ አለበት። የእናትዎን ፓስፖርት ዛሬውኑ አውጥተው የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ፤ የሚታደስ ከሆነ እድሳቱ ጊዜ ስለሚወስድ ከቀብዱ በፊት ይጀመር።